መልስ፦ የጤና መድኅን አባላትን ከማን ጋር ላነጻጽር?
የጤና መድኅን የገበሬውን የሕክምና ወጪ መቀነሱን ለመለካት አባላትን አባል ካልሆኑ ጎረቤቶቻቸው ጋር አያነጻጽሩ፤ ምዝገባው በፈቃደኝነት ከሆነ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ቀድሞ ስለሚገባ፣ መድኅኑ ራሱ ወጪ ያበዛ ይመስልዎታል።

ለምሳሌ በጎጃም የሚገኘው የደቡብ አቸፈር ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የታየውን የወጪ ለውጥ፣ ዘግይቶ በጀመረ የጎጃም ወረዳ በዚያው ጊዜ ከታየው ለውጥ ጋር ያስተያዩ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የነበረው የወጪ መረጃ ካልተገኘ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

በመስክ ካየሁት አንድ ልጨምር፦ መጠይቅዎ ለጤና ጣቢያ የተከፈለውን ብቻ ከጠየቀ፣ መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ከግል ፋርማሲ በኪሱ የገዛው (ብዙ ጊዜ ትልቁ ወጪ እሱ ነው) ሳይቆጠር ይቀራል፤ ለብቻው ይጠይቁ።