50 ሄርዙ እንዴት 12 ሆነ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ለመከታተል አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ላይ ስድስት ሴንሰር አገናኝቻለሁ። ሦስቱ የሦስቱን ፌዝ ከረንት፣ አንዱ የአንዱን ፌዝ ቮልቴጅ፣ ሁለቱ የሞተሩንና የኩሽኔታውን ሙቀት ያነባሉ። ቦርዱ በሰከንድ 9,600 ጊዜ ያህል ያነባል ስለተባለ ለስድስት ሲካፈል 1,600 ይደርሰኛል ብዬ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የሚገባው ግን በሰከንድ 38 መስመር (ስድስቱን ንባብ የያዘ ረድፍ) ብቻ ነው። ከረንቱ በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሞገድ ሆኖ ይታያል፤ ፓወር ፋክተሩም (ከሚሳበው ኃይል ሥራ ላይ የዋለው ድርሻ) የማይሆን ቁጥር ይሰጠኛል። የተሻለ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ) ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። የዘገየው ቦርዱ ሳይሆን ወደ ላፕቶፑ የሚወስደው ግንኙነት፣ ሲሪያሉ ነው። ሲሪያሉን የከፈትከው በ9600 ቦድ (በሰከንድ 9,600 ቢት) እንደሆነ እወራረዳለሁ። አንድ ባይት ከመነሻና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚፈጅ በሰከንድ የሚያልፈው 960 ባይት ነው። አሁን አንዱን መስመርህን ቁጠረው፤ ስድስት ባለሦስት አኃዝ ቁጥር 18፣ ኮማዎቹ 5፣ የመስመሩ መዝጊያ 2፣ በድምሩ 25 ባይት። 960 ለ25 ሲካፈል 38.4፤ ያየኸው እሱን ነው። (የቦዱ 9600 እና የኤዲሲው 9,600 መመሳሰላቸው የአጋጣሚ ነገር ነው። ምንም ዝምድና የላቸውም።)

12ቱም የመጣው ከዚያው ነው። በሁለት መስመሮችህ መካከል የመብራቱ የ50 ሄርዝ ሞገድ (በሰከንድ 50 ዙር) አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ ሌላ 0.3 ዙር ይሄዳል። አንተ ሙሉውን ዙር ስለማታይ 0.3 ብቻ የተራመደ ይመስልሃል። 50 ሲቀነስ 38.4፣ 11.6 ሄርዝ። ቾክ ባለው ፍሎረሰንት ስር የሚሽከረከር ፑሊ የቆመ መስሎ እንደሚያታልለው ዓይነት ነው። ሞገዱ አንዴ እንዲህ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር አይታረምም። ከምትፈልገው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ ማንበብ የግድ ነው፤ እኔ ግን የሞገዱን ቅርጽ ለማየት በአንድ ዙር ከ20 ነጥብ በታች አልስማማም።

ፓወር ፋክተሩን ያበላሸው የኮድህ አጻጻፍ ይመስለኛል። አንዱን ፒን አንብበህ ትልካለህ፣ ቀጥለህ ሌላውን ታነባለህ፣ አይደል? አንድ ቁጥር ከነኮማው 4 ባይት ነው፤ በ9600 ቦድ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የ50 ሄርዝ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ጎረቤት ቻናሎችህ (የየሴንሰሩ ንባቦች) ከዙሩ 360 ዲግሪ በ75 ዲግሪ ተራርቀዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ፓወር ፋክተር አይሰላም። መጀመሪያ ሁሉንም አከታትለህ አንብብ፣ መላኩን ለመጨረሻ ተወው።

ቦዱን ወደ 115200 ከፍ ብታደርገው 460 መስመር ታገኛለህ፤ በዙር 9 ነጥብ። አሁንም አይበቃም። ስለዚህ ሞገዱን መላክ ተው። ቦርዱ ራሱ አስልቶ በየሰከንዱ አንድ መስመር ውጤት ይላክ። ቅርጹን ማየት ካማረህ ግን 150 መስመር ባለ አራት ቻናል ራም ላይ ያዝ፤ ከ2 ኪሎባይቱ 1,200 ባይት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለህ ላከው።

አራት ቻናል ያልኩህ ሙቀቱን ከሩጫው ስላወጣሁት ነው። የሞተር ሙቀት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የት ይሄዳል? በሰከንድ አንዴ ይነበብ።

ወደ ኤዲሲው ስንመጣ፣ ኡኖ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ስድስቱ ፒኖች በማብሪያ ማጥፊያ ተራ እየጠበቁ ነው የሚገቡት። የቦርዱ የ16 ሜጋ ሄርዝ ምት ለ128 ተካፍሎ 125 ኪሎ ሄርዝ ይደርሰዋል፣ አንድ ንባብ 13 ምት ይፈጃል፤ 104 ማይክሮ ሰከንድ። ከአናሎግ ሪድ (ፒን የሚያነበው የኮድ ትእዛዝ) ትርፍ ሥራ ጋር 112 ያህል በለው። ቮልቴጁንና የዚያኑ ፌዝ ከረንት ተከታትለህ ስታነብ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ወፍጮው ያለ እህል ሲዞር ግን ፓወር ፋክተሩ 0.5 ቢሆን 0.47 ወይም 0.53 ታነባለህ። መድኃኒቱ ቮልቴጅ፣ ከረንት፣ እንደገና ቮልቴጅ ማንበብና የሁለቱን ቮልቴጅ አማካይ መውሰድ ነው። ከቀሩት ሁለት ከረንቶች ጋር በአንድ ተራ አምስት ንባብ፣ 560 ማይክሮ ሰከንድ፤ በዙር 35 ነጥብ ይሆናል። ለአንተ ሥራ ይበቃል።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር ልጨምር። የሙቀት ሴንሰሮችህ ባለ 100 ኪሎ ኦም ከሆኑ የጎረቤታቸውን ሞገድ ሲደግሙ ታያቸዋለህ። ኤዲሲው ውስጥ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር የቀደመውን ቻናል ቮልቴጅ ይዛ ነው የምትመጣው፤ አምራቹም የምንጩ ሬዚስታንስ 10 ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። ከፒኑ ወደ ግራውንድ 100 ናኖ ፋራድ አስገባ፣ ሁለቴ አንብበህ የመጀመሪያውን ጣለው።

የ125 ኪሎ ሄርዙን ምት በኮድ ማፋጠን ይቻላል፤ ከ200 ኪሎ ሄርዝ በላይ ሲወጣ ግን የ10 ቢቱ ጥራት ይቀንሳል። አሁን አትንካው። ልግዛ ካልክም ባለ 16 ቢቱ ኤዲኤስ1115 እንዳያጓጓህ፤ ጣሪያው በሰከንድ 860 ንባብ ነው፣ እሱም ለአራቱ ቻናሎች የሚካፈል። ሁሉንም ቻናል በአንድ ቅጽበት የሚይዝ ከፈለግክ ኤዲ7606 ዓይነቱን ፈልግ፤ ስምንት ቻናል አለው፣ እያንዳንዱ በሰከንድ እስከ 200,000 ያነባል። ለአንድ ወፍጮ ግን ትርፍ ነው።

ኮዱን ካስተካከልክ በኋላ 1,000 ተራ አስነብበህ መነሻና መድረሻውን በማይክሮስ (በማይክሮ ሰከንድ ጊዜ የሚቆጥረው ትእዛዝ) ለካ። 560,000 ገደማ መውጣት አለበት። በጣም ከበለጠ በየንባቡ በፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥር) እያሰላህ ነው፤ ኡኖ ላይ ፍሎት ይጎተታልና ድምሩን በሎንግ (ትልቅ ሙሉ ቁጥር) ያዘው፣ ማካፈሉንና ሥር ማውጣቱን በሰከንድ አንዴ ብቻ አድርገው።