ጨዋታው ይቀየር፣ የመለያ ነጥቡስ?

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስሆን፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በልጆች የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር፣ ማለትም ዐይንን፣ እጅንና እግርን አስተባብሮ ማንቀሳቀስ በሚያቅታቸው ልጆች ላይ እየሠራሁ ነው። በካናዳ የተዘጋጀውን የወላጆች መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ ሳነብላቸው፣ በራኬት ኳስ መምታትን ለመሰሉ ጥያቄዎች ብዙ እናቶች «ልጄ እንዲህ ያለውን አያውቅም» እያሉ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጡ። ባዕድ የሆኑትን ጨዋታዎች በእኛ ጨዋታዎች ብተካ፣ የመለያ ነጥቡን፣ ማለትም ችግሩ ይኖርበታል ተብሎ የሚጠረጠረውን ልጅ ከሌላው የሚለየውን የነጥብ ወሰን፣ እንዳለ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ጨዋታዎቹን መተካት ይገባዎታል፤ የመለያ ነጥቡን ግን እንዳለ መውሰድ አይችሉም።

በካልጋሪ በብሬንዳ ዊልሰንና በባልደረቦቻቸው የተዘጋጀውና በ2007 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ይህ መጠይቅ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የሚያገለግል ነው። ወላጅ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር እያነጻጸረ ለ15 ዓረፍተ ነገሮች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ዕድሜው 8 ያልሞላ ልጅ በድምሩ 46ና ከዚያ በታች፣ የ8ና የ9 ዓመት ልጅ 55ና ከዚያ በታች፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለው ደግሞ 57ና ከዚያ በታች ካገኘ ችግሩ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። እነዚህ ቁጥሮች ኳስ፣ መቀስና እርሳስ በሕፃንነታቸው ከለመዱ ልጆች የተገኙ ስለሆኑ፣ የቢቸናን ወይም የሞጣን ልጅ በእነርሱ መለየት ጤነኛውን ችግረኛ ሊያሰኝ፣ ችግር ያለበትንም ሊያሳልፍ ይችላል።

በመተካት ረገድ ዋናው ነገር ጥያቄው ከልጁ አካል የሚጠይቀው ሥራ እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ነው። በራኬት የመምታት ጥያቄ የሚመዝነው ወደ ልጁ የሚመጣን ነገር በዐይን ተከትሎ በሰዓቱ መምታትን ነው። ስለዚህ እየተንከባለለ የመጣን ሩር በገና ዱላ መምታት ይቀርበዋል፤ የቡሄ ጅራፍ ማጮህ ግን የቱንም ያህል ቅልጥፍና ቢጠይቅ ወደ ልጁ የሚመጣ ነገር ስለሌለበት ሊተካው አይችልም። ከ1.8 እስከ 2.4 ሜትር ርቀት የተወረወረን ትንሽ ኳስ ስለመቅለብ የሚጠይቀውንም በቅልብልቦሽ መተካት ያጓጓል፤ ነገር ግን በቅልብልቦሽ ጠጠሩን ወደ ላይ የሚወረውረው ልጁ ራሱ ስለሆነ አመጣጡን አስቀድሞ ያውቀዋል። የሎሚ መጠን ያለው የጨርቅ ኳስ ሌላ ሰው ሲወረውርለት ይቀልብ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። የገና ጨዋታ በአብዛኛው የወንዶች መሆኑንም አይርሱ፤ ሴት ልጆች ዕድሉን ስላላገኙ ብቻ ነጥብ እንዳያጡ ለሁለቱም የሚሆን ምሳሌ ጎን ለጎን ያስገቡ።

የጽሕፈት ጥያቄዎች ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብባቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ። «ሲ»ን ከ«ሴ» የሚለየው በእግሩ ጫፍ ያለች ትንሽ ምልክት ናት፤ እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ምልክቷን ያጣምማታል፣ ወይም አስፍቶ ከጎረቤቱ ፊደል ጋር ያጋጫታል። ስለዚህ «ጽሑፉ ይነበባል ወይ» ከማለት ይልቅ የፊደሉን እግርና ቀለበት በቦታው ያደርግ እንደሆነ ቢጠየቅ የእኛን ጽሕፈት በትክክል ይመዝናል። ትምህርት ያልጀመረ የ5 ዓመት ልጅ ግን በዚህ ክፍል ሊመዘን አይገባም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በአሉታ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ጮክ ብለው ሲነበቡ ወላጅን ያደናግራሉ፤ እርስዎ እንደሚያደርጉት በቃል ለሚጠየቅ ወላጅ ትርጉማቸውን ጠብቆ ማቅለል ያስፈልጋል።

የአሠራሩ ሥርዓት የታወቀ ነው፦ በቅድሚያ የባለቤቶቹን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙ፤ ትርጉሞቹ ከተዋሐዱ በኋላ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት፤ ባለሙያዎች አንድ ላይ ይመርምሩት፤ ከዚያ ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ወላጆች ይሞከር። አዲሱን የመለያ ነጥብ የሚያገኙት ግን የአካባቢውን ልጆች በእንቅስቃሴ ፈተና መርምረው ውጤታቸውን ከወላጆቻቸው መልስ ጋር ሲያስተያዩ ነው። የልደት ቀኑ በትክክል የማይታወቅ ልጅ ሲያጋጥምዎ ዕድሜውን በበዓላትና በጎረቤት ልጆች ልደት ያጣሩ፤ የመለያ ነጥቡ በዕድሜ የሚለያይ ስለሆነ የአንድ ዓመት ስሕተት ፍርዱን ሊቀይር ይችላል።

እስካሁን የሰበሰቧቸውን መልሶች አይጣሏቸው፤ ወደ እናቶቹ ተመልሰው «አላደረገም» ያሉት ዕድሉን ስላላገኘ ነው ወይስ ሞክሮ ስላልቻለ ብለው ይጠይቁና ለየብቻ ይመዝግቡ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን ልጅ በተመለከተም፣ መጠይቁ ጥርጣሬ እንጂ ምርመራ ስላልሆነ፣ ዐይኑና የነርቭ ጤንነቱ በጤና ተቋም ሳይታዩ ለቤተሰቡ የበሽታ ስም አይንገሩ።