የአንባቢያን ጥያቄ፦ እናቴ «ቤቱ ተይዟል» ስትል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምንኖረው። ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች እናከራያለን። ባለፈው ወር አንድ የጋምቤላ ልጅ ከእህቱ ጋር መጣ። ሥራ አለው፤ የሁለት ወር ቅድሚያ እከፍላለሁ አለ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «ቤቱ ተይዟል» አለች። ቤቱ ባዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቀይ ልጅ መጣችና መታወቂያ እንኳ ሳትጠየቅ ቁልፍ ተሰጣት። «ለምን?» ብላት «እነሱ ጫጫታ ያበዛሉ፣ ዘመድ ይሰበስባሉ፣ ቤት ያበላሻሉ» አለችኝ። «ዘረኛ ነሽ» ስላት አልቅሳ አኮረፈችኝ። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለጎረቤት ሁሉ የምትደርስ ናት። እኔ ራሴ ቀይ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ምን ብዬ ላናግራት?
ሰ.፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ደግ መሆኗን አምናለሁ። ያ ልጅ ግን እህቱን ይዞ በዚያ በድሬ ፀሐይ ሌላ በር ሊያንኳኳ ሄዷል። «ዘረኛ ነሽ» ስትያት ክርክሩ ስለ እሷ ደግነት ሆነ። እዚያ ላይ ደግሞ መቼም አትረታልሽም። ወሬውን ወደ ቤቱ መልሺው።

ቡና ስትጠጡ ጠይቂያት። «እማ፣ ቤት ያበላሹብሽ የትኞቹ ናቸው? መቼ ነው ያከራየሻቸው?» እንደምገምተው ለጋምቤላ ሰው አከራይታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ፣ እስከ ዛሬ የገቡ የወጡትን ተከራዮች አንድ በአንድ አስታውሱ። የመብራት ሳይከፍል በሌሊት የወጣው ማን ነበር? በር የሰበረውስ? ቀይ ተከራይ ሲያጠፋ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነው። ጥቁሩ ሲያጠፋ ግን አገሩ ሁሉ ይከሰሳል። እንዲህ ያለ ወሬ ዕድሜው የሚረዝመው ቆጥሮ የሚያጣራው ስለሌለ ነው።

እናትሽ ያደረገችው ዓይነት ነገር አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቨርጂኒያ ነው፣ ሪችመንድ አካባቢ። ሲልቪያ ኮልማን የምትባል ጥቁር ሴት አንድ አከራይ ድርጅት ዘንድ ሄዳ አፓርታማ ጠየቀች፤ የለም ተባለች። ነጭ ሰው ሄዶ ሲጠይቅ አለ ተባለ። ሁለቱም ቤት ፈላጊ አልነበሩም። የቤት አድልዎን የሚታገሉ ሰዎች ድርጅቱን ለመፈተን ነው የላኳቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ኮልማን ተከራይ ባትሆንም ውሸት ስለተነገራት መክሰስ ትችላለች አለ። የቤት አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። እኔ ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። የማንንም ልብ መመርመር አያስፈልግም። ያው ቤት፣ ያው ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። ድሬም ይሠራል። አንቺና አንዲት ጠቆር ያለች ጓደኛሽ በአንድ ከሰዓት አንዱን ደላላ በየተራ ጠይቁት። ያላችሁን ጻፉት። ከዚያ እናትሽን ብቻ ሳይሆን ደላላውንም፣ የሠፈሩን አከራይም በማስረጃ ማናገር ትችያለሽ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 25 ላይ በዘርና በቀለም ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚሠሩት ሴሎች ብዛት በቀይም በጥቁርም ሰው ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚያመርቱት መጠንና ዓይነት ነው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ገደማው በአንድ ሕዝብ ውስጥ የሚገኝ ልዩነት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሳራ ቲሽኮፍ የሚመራ ቡድን ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ አፍሪካውያንን አጥንቶ ነበር። ቆዳን የሚያቀሉትም የሚያጠቁሩትም ዘረመሎች አፍሪካ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አብረው ኖረዋል። ይሄ ከጫጫታና ከቤት ኪራይ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ንቀቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ባርነት በአገራችን ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከምዕራብ ጠረፍ ሰው እየተያዘ ሲሸጥ ያዩ ሰዎች ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። አዋጁ ንግዱን አስቀረ፤ ስድቡ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ይሰማል።

አሁን ወደ አንቺ። ቀይ መሆንሽ ምን እንዳስገኘልሽ ማየት ከጀመርሽ ጥሩ ነው። አስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት በመዝጊያ በዓል ለእንግዳ አበባ የሚሰጡት ሁልጊዜ ቀይ ልጆች ነበሩ። ማንም «ጥቁር አይሁን» አላለም። ብቻ ሁልጊዜ ቀይ ነበሩ። አንድ ዓመት በዕጣ ይሁን አልኩ። ርእሰ መምህሩ «እንግዳ ፊት እኮ ነው» አለኝ። «ታዲያስ?» አልኩት፤ መልስ አልነበረውም። ወረቀት ቆራርጬ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ዕጣው የወጣላት ልጅ ከኋላ ወንበር ነበረች፣ በጣም ጥቁር። «አቦ ቲቸር፣ እኔን ነው?» ብላ ቆመች። ጓደኞቿ ሳቁ። እሷ ግን ቤቷ ሄዳ ዩኒፎርሟን ተኩሳ መጣች። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ማን እንደሚመረጥ አውቃ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። «እኛ ድሬዎች ዘር አንቆጥርም» የሚሉሽ ይኖራሉ። ከተማዬን እወዳታለሁ። አራት ቋንቋ እየቀላቀልን ነው ያደግነው፤ አንዱ ባንዱ ሠርግ ይጨፍራል። ነገር ግን የሚያሞግሰንን ወሬም መፈተን አለብን፣ እንዲያውም እሱን ቀድመን። ይህች ከተማ ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር የከዚራ ሰፈር ለባቡር ኩባንያው ሰዎችና ለፈረንጆች ተሠራ፤ መጋላ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ የአገሬው ሰፈር ሆነ። ማን የት ይኑር የሚለው ነገር እዚህ አዲስ አይደለም።

እናትሽን እንዲህ በያት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ለመጣ ሁሉ አንድ ሕግ ይሁን። መታወቂያ፣ የሥራ ቦታ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ጫጫታ እንደማይፈቀድ። ቀድሞ ያሟላ ይገባል።» በወረቀት ጻፉትና በሩ ላይ ለጥፉት። ይህ እሷንም ከመጥፎ ተከራይ ያድናታል፤ ስለዚህ እሺ ትልሻለች ብዬ አስባለሁ። የልጁን ስልክ ደላላው ካለው ተቀበይና ደውዪለት። ቤቱ ባዶ እንደነበር ንገሪው። ማባበያ አትጨምሪ። ሌላው ክፍል ሲለቀቅ ቀድመሽ እንደምትነግሪው ንገሪው። አልፈልግም ካለም አትጫኚው፤ መብቱ ነው።