«ኮከብ እያየሽ ማን ያበላሻል?»

ከጅማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ጨርሰሻል፤ ውጤትሽ ሕክምና ያስገባሻል። አንቺ ግን ፊዚክስ ገብተሽ፣ እየተነፉና እየተኮማተሩ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ካረፉ ወዲህ ያሳደጉሽ፣ አጋሮ ላይ ቡና የሚነግዱት አጎትሽ ደግሞ «ኮከብ እያየሽ ማን ያበላሻል? ሕክምና ካልገባሽ ከእኔ ሳንቲም አትጠብቂ» ብለውሻል። በዚያ ላይ ቴሌስኮፕ አለመኖሩ፣ እንግሊዝኛሽና ካልኩለስ ላይ ያገኘሽው ቢ ያሳስቡሻል። እነዚህን በአጭሩ እመልሳለሁ። የአጎትሽ ነገር ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም።

ፊት ለፊት ልንገርሽ። አጎትሽ ትልቅ ውለታ ውለውልሻል። ውለታቸው ግን የምትማሪውን እንዲመርጡልሽ መብት አይሰጣቸውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነሽ። የወጪ መጋራቱን ውል የፈረምሽው አንቺ ነሽ፤ ነገ ከደሞዝሽ የሚቆረጠውም ያንቺ ዕዳ ነው። እሳቸው የሚልኩልሽ የኪስ ገንዘብ ነው። ቢቀር እንደሚጎዳሽ አውቃለሁ። ግን ጅማ ከተማ ውስጥ ልጆቻቸውን ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስጠና ተማሪ የሚፈልጉ ወላጆች ሞልተዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ብታስጠኚ ሳሙናና ኮፒ አይቸግርሽም። ለሰው ስታስረጂ ደግሞ ትምህርቱ ራስሽ ውስጥ ይሰርጻል። ይህን ከልምዴ ነው የምነግርሽ።

«ሕክምና ገባ ማለት አለፈለት ማለት ነው» የሚለው ወሬም ይብቃን። ዓመታት ለፍተው ተመርቀው፣ ቅጥር ሲጠብቁ የከረሙ ወጣት ሐኪሞች አሉ። ሕክምና የሚወዱት ሰዎች ሙያ ነው። ሳይወዱት የገቡት ሰው ግን ራሱም ይሰቃያል፣ በሽተኛውም ይጎዳል።

አጎትሽ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ገንዘቡም ቶሎ አይመጣም። እዚህ አገር በፊዚክስ ዲግሪ ብቻ በአብዛኛው የሚገኘው ሥራ ማስተማር ነው። ተመራማሪ ለመሆን ማስተርስ፣ ከዚያ ፒኤችዲ ያስፈልጋል። ከፒኤችዲ በኋላም ብዙዎች በጥቂት ዓመት ውል ካንዱ አገር ወደ ሌላው ሲዞሩ ይከርማሉ። ቋሚ ቦታ ሳያገኙ መስኩን የሚለቁም ብዙ ናቸው። ይህን የሚደብቅሽ ሰው ወዳጅሽ አይደለም።

የተሳሳቱት ሥራው ላይ ነው። ኮከብ የሚያጠና ሰው ማታ ማታ ደጅ ቆሞ ወደ ላይ ሲያይ የሚያድር ይመስላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ኬፕለር የተባለው የናሳ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሕዋ ወጥቶ፣ ለአራት ዓመት ያህል ከ150,000 በላይ ከዋክብትን ብርሃን ሲለካ ኖረ። የአብዛኞቹን ልኬት የመዘገበው በየግማሽ ሰዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቴስ የተባለው ሌላ የናሳ ቴሌስኮፕ ተከተለ። መረጃው በነጻ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል። ተመራማሪው ያንን ያወርዳል። ሰዓትና ድምቀት የተጻፈባቸው ሺህ በሺህ ረድፎች ናቸው። መሣሪያው ራሱ የፈጠረውን ስህተት ይለቅማል፣ ከዚያ ኮከቡ በስንት ጊዜ ደምቆ በስንት ጊዜ እንደሚፈዝ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያሰላል። አብዛኛው ቀን የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። አሰልቺም ነው። ግን እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ መረጃ አጥርቶ ትርጉም ማውጣት የሚችል ሰው ባንክም፣ ቴሌኮምም፣ ሚቲዎሮሎጂም ይፈልገዋል። ምርምሩ ባይሳካ እንኳ ችሎታው እጅሽ ላይ ይቀራል።

«ለምን ይጠቅማል?» ካሉሽ የሄንሪየታ ሊቪትን ታሪክ ንገሪያቸው። ሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ተቀጥራ፣ ኮከብ የተነሳባቸውን የመስታወት ሰሌዳዎች እያየች የነጥቦቹን ድምቀት ትለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ትንሹ የማጄላን ደመና በሚባል ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ባሉ 25 ከዋክብት ላይ አንድ ሕግ አሳየች፤ ደምቆ ለመፍዘዝ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ኮከብ በእውነተኛ ብርሃኑም ይበልጣል። ስለዚህ ጊዜውን የለካ ሰው እውነተኛ ብርሃኑን ያውቃል። እዚህ ደርሶ ከሚታየው ጋር ሲያነጻጽረው ርቀቱን ያገኛል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1923 አንድሮሜዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮከብ አግኝቶ፣ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗን ያረጋገጠው በዚሁ ሕግ ነው። ሊቪት ይህን ስታገኝ ሥራዋ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ልኬትና ስሌት ነበር።

ስለዚህ የቴሌስኮፑ ጭንቀት ይለፍሽ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ታያቸዋለሽ። እስከዚያ ዓይንሽ ይበቃል። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጅሬን አካባቢ መብራት የማይበዛበት ቦታ ከሰው ጋር ሆነሽ ውጪ። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአናትሽ ትንሽ ወደ ምዕራብ አልታየር የሚባል ደማቅ ኮከብ አለ። ከእሱ ወደ ደቡብ ኢታ አኩይሌ ትገኛለች። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድዋርድ ፒጎት እ.ኤ.አ. በ1784 በደንብ ያስተዋላት ተለዋዋጭ ኮከብ ናት። በ7 ቀን ከ4 ሰዓት ገደማ አንዴ ደምቃ ትፈዛለች። ጎረቤቷ ቤታ አኩይሌ ግን ለዓይን አትለወጥም። ስትደምቅ ቤታን በትንሹ ትበልጣለች፤ ስትፈዝ በግልጽ ታንሳለች። በየማታው ሁለቱን እያወዳደርሽ ደብተር ላይ መዝግቢ። ደመና የሆነበትን ቀን ባዶ ተዪው እንጂ በግምት አትሙዪ። ከሳምንታት በኋላ የድምቀቷን መውጣትና መውረድ የሚያሳየውን ኩርባ ራስሽ ትስያለሽ።

ያንን ደብተር አጎትሽ ፊት አስቀምጪው። ክርክሩን ተዪና ሥራሽን አሳያቸው። ነጋዴ ናቸው፤ መዝገብ የሚይዝ ሰው ያከብራሉ። «የራሴን እንጀራ እንዴት እንደማገኝ ልንገርዎት» ብለሽ ዕቅድሽን አንድ በአንድ አስረጃቸው።

ዕቅዱን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፊዚክስ ግቢ። ፕሮግራሚንግ ኮርስ ባገኘሽ ቁጥር ውሰጂ። ውጤትሽን ጠብቂ፤ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር አድርጎ የሚያስቀረው ውጤታቸው ከፍ ያሉትን ነው። ያ ካልሆነ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማርን እንደ ውድቀት አትይው። እኔም የፊዚክስ መምህር ሆኜ ነው የጀመርኩት። ደሞዙ ባያንበሸብሽም በእግርሽ ትቆሚበታለሽ፤ ትምህርቱም አይርቅሽም። ጎን ለጎን ማስተርስ ፈልጊ። አዲስ አበባ ከሕዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጀምሪ። ከአገር ውጭ ካሰብሽ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናስፕ የሚባል የአስትሮፊዚክስ ፕሮግራም አለ፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችንም ይቀበላል። 11 ሜትር ገደማ የሆነው ሶልት ቴሌስኮፕም እዚያው አገር፣ ሰዘርላንድ ላይ ነው።

እንግሊዝኛሽ በንባብ ይስተካከላል፤ በሳምንት አንድ አጭር የምርምር ጽሑፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር አንብቢ። ካልኩለስ ላይ ቢ ማንንም ከፊዚክስ አያስቀርም። ግን ያልገባሽ ምዕራፍ የትኛው እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ሁለተኛ ዓመት ሳይጀመር በዚህ ክረምት እሱን ጨርሺው።