ለጎንደር ጉዞ የትኛው የልጅ ጋሪ ይሻላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። ለጥምቀት የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ ጎንደር እንመጣለን፤ በአውሮፕላን ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ አንዷ 4 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 14 ወሩ ነው። ቤት ያለን ጋሪ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ 13 ኪሎ የሚመዝን ነው። ባለቤቴ ለኮብልስቶን የሚሆነው እሱ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሱቅ ሁለት ቀላል ጋሪዎች አይቻለሁ። አንዱ እንደ ጃንጥላ ረጅም ሆኖ ይታጠፋል። ሌላው እንደ ቦርሳ ትንሽ ሆኖ ይታጠፋል፤ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የትኛውን እንያዝ?»

እህቴ፣ ቦርሳ የሚያክለውን ያዙ። ግን ከሱቅ ሳይወጣ ይፈተን። ፈተናውን ካላለፈ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ጃንጥላውን ግዙ። ትልቁ ቤት ይቅር። ከአንቀልባ ወይም ከማዘያ ግን አትለዩ። እዚህ ጎንደር ብስክሌት፣ ዊልቸርና የልጅ ጋሪ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ፣ ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳሽ።

በመጀመሪያ ባለቤትሽ ያለው እውነት ነው። ትልቅ ጎማ በኮብልስቶን ክፍተት ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ትንሽ ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። የቀላል ጋሪ የፊት ጎማ ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ድንጋይ በመጣ ቁጥር ይነቀንቃል፣ ልጁም አብሮ ይናጣል። ጥያቄው ግን ስንት ሰዓት ትገፉታላችሁ፣ ስንት ጊዜስ ታነሱታላችሁ ነው። ጎንደር ለጉብኝት የመጣ ሰው ጋሪውን ቀኑን ሙሉ ሲያነሳና ሲያወርድ ነው የሚውለው። የአውሮፕላኑ ደረጃ አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከአዘዞ ወደ ከተማ የምትመጡበት መኪና አለ። ባጃጅ አለ። የአያቶቹ ቤት ደፍ አለ። ፋሲል ግቢ ስትገቡ ሣርና ያልተስተካከለ ድንጋይ ይጠብቃችኋል፤ የፋሲል ቤተ መንግሥት ፎቅ ላይ ለመውጣት ደግሞ የድንጋይ ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው፤ ድንጋዩን ማንም ለጋሪ ብሎ አያስተካክልም፣ ማስተካከልም የለበትም። እዚያ 13 ኪሎ ጋሪ፣ 10 ኪሎ ልጅ፣ የዳይፐር ቦርሳ፣ በሌላ እጅ የ4 ዓመት ልጅ ይዞ መውጣት ለማንም አይሆንም።

ስለዚህ ስትገዢ ዋናው መለኪያ ይሄ ነው፦ ልጁን በአንድ እጅሽ አቅፈሽ፣ ጋሪውን በሌላው እጅሽ አንድ ፎቅ ደረጃ ማውጣት ትችያለሽ? ባለቤትሽ አይደለም፣ አንቺ። እሱ ሻንጣ ይዞ ይሆናል። ከ7 ኪሎ በላይ የሆነ ጋሪ ለብዙ እናቶች ይሄን ፈተና አያልፍም። በወረቀት የተጻፈውን ክብደት ደግሞ አትመኚ። አንዳንዱ ፋብሪካ የሚጽፈው ጥላውንና ከፊት ያለውን መያዣ አውጥቶ ነው። ሱቁ ሚዛን ካለው አስመዝኚው።

አሁን ሁለቱን ላነጻጽር። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ዓይነት ታሪክ ያለው ነው። የነደፈው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965። ሰውየው ቀድሞ በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን እግር ላይ የሠራ ነበርና፣ በአሉሚኒየም ቱቦ ቀላል ነገር ሠርቶ እግሩን የሚያጥፍ ጋሪ አመጣ። እስካሁን ድረስ በርካሽ ዋጋ ጥሩ ሥራ የሚሠራው ይሄ ዓይነት ነው። መገጣጠሚያው ጥቂት ነው፣ ጥገናውም ቀላል ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ሲታጠፍ ይቀጥናል እንጂ አያጥርም፤ ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ከወንበር ሥር ይገባል። ባጃጅ ውስጥ ግን አንዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በየመንገዱ የሰው ጉልበት ይመታል። ብዙዎቹ ደግሞ ሲታጠፉ ብቻቸውን አይቆሙም።

ቦርሳ የሚያክለው ሦስት ላይ ይታጠፋል። ከእግርሽ ሥር ይገባል፣ ባጃጁም አይከፋውም። ግን ስንት ቦታ ነው የሚታጠፈው ብለሽ ቁጠሪ። በታጠፈበት ሁሉ መገጣጠሚያ አለ፤ መገጣጠሚያ ባለበት ደግሞ ልቅነት ይመጣል። ውድ የሆነበትም ምክንያት ይሄ ነው፤ ጥሩ መገጣጠሚያ መሥራት ዋጋ ያስወጣል። ርካሽ ሆኖ ሦስት ላይ የሚታጠፍ ጋሪ ካየሽ ተጠንቀቂ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጡት በብዛት እነሱ ናቸው፤ ፕላስቲኩ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ሱቅ ስትሄጂ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተሽ ሂጂ። ባለ ሱቁ ቢገረም ይገረም። 10 ሊትር ውኃ 10 ኪሎ ነው፤ ልጅሽም እዚያው አካባቢ ነው። ጀሪካኑን መቀመጫው ላይ አድርጊና ቀበቶውን እሰሪበት። ባዶ ጋሪ ሁሉ ይሽከረከራል፤ ልዩነቱ የሚታየው ሲጫን ነው። በአንድ እጅ ግፊው። ወደ ግራና ቀኝ አዙሪው። አካሉ እየተጣመመ ከሄደ፣ የፊት ጎማው እየተንቀጠቀጠ ካስቸገረ ተዪው። ከሱቁ ውጪ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካለ አውጪውና አውርጂው።

ቀጥሎ ፍሬኑን። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን እዚህ ጌጥ አይደለም። ጋሪውን ከነጀሪካኑ ተዳፋት ላይ አቁሚና ፍሬኑን ርገጪ። አንድ ጊዜ ተረግጦ ሁለቱንም የኋላ ጎማ የሚይዘውን ምረጪ። ከያዘም በኋላ እጀታውን ነቅንቂው፤ ጥርሱ እየሸሸ ወደ ታች ከተንሸራተተ ለጎንደር አይሆንም። ቁልቁለት ስትወርጂ ከእጅሽ እንዳያመልጥ የሚያስር ማሰሪያ ከሌለው ጠንካራ ጨርቅ እጀታው ላይ ቋጥሪና እጅሽን አስገቢበት።

ጎማውን ገልብጠሽ እዪ። በጣትሽ አሽከርክሪው፤ ኩሽኔታ (ጎማውን የሚያዞሩ ትንንሽ የብረት ኳሶች) ያለው ለስላሳ ሆኖ ረጅም ይዞራል፤ ፕላስቲክ በብረት ላይ የሚዞረው ቶሎ ይቆማል፣ ድምፅም አለው። ኩሽኔታ ካለው ደስ ይበልሽ። የፊት ጎማው በየጎኑ ሁለት ሁለት ሆኖ የተጣመረ ከሆነ በመካከላቸው ጠጠር ይገባል፤ አንድ ወፈር ያለ ጎማ ያለው ይሻላል። የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚቆልፍ ነገር ካለው ኮብልስቶን ላይ በጣም ይጠቅማል። ቀጥሎ መገጣጠሚያው በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በማይፈታ ምስማር) ነው ወይስ በብሎንና ዳዶ? በብሎን የታሰረ ጋሪ ከላላ ማንኛውም ብስክሌት ሠሪ ያጠብቅልሻል። ሪቬት ከላላ ተሰርስሮ ነው የሚወጣው፤ መሣሪያ ይፈልጋል።

መቆለፊያው ላይ አትቸኩዪ። ደኅና ጋሪ ተከፍቶ ሲቆም ሁለት መቆለፊያ አለው፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል። ሲከፈት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ስሚ፣ ከዚያ መቀመጫውን በእጅሽ ወደ ታች ተጫኚው። ስትከፍቺና ስታጥፊ ደግሞ ልጆቹ ይራቁ። ይሄን ደጋግሜ የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የጃንጥላ ዓይነት ጋሪዎች ማጠፊያቸው የልጆችን ጣት ጫፍ ስለቆረጠ የማጠፊያ መሸፈኛ እንዲደረግላቸው ተጠርተዋል። የ4 ዓመቷ ልጅሽ «እኔ ልርዳ» የምትልበት ዕድሜ ላይ ናት። ሥራ ስጪያት፤ ቦርሳውን ትያዝልሽ። ማጠፊያው አጠገብ ግን አትድረስ።

እሷን ካነሳን፣ ትንሹ ታቅፎ እሷ ጋሪው ላይ ትቀመጥ ይሆናል፤ ስትደክም መቼም ይደረጋል። ጋሪው ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ አንብቢ። አንዳንዱ እስከ 15 ኪሎ ነው የሚለው፣ አንዳንዱ እስከ 22። የ4 ዓመት ልጅ 15 ኪሎን ትደርሳለች ወይም ታልፋለች። ስለዚህ 22 የሚለውን ፈልጊ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም እሷን የእግር ማሳረፊያው ላይ ማቆም አይሆንም። የእግር ማሳረፊያ የሚሰበረው ሁልጊዜ በዚያ ነው።

ቀበቶው አምስት ቦታ የሚይዝ ይሁን፤ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንድ በእግር መካከል። ኮብልስቶን ላይ ወገብ ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ልጁን ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ልጅሽ 14 ወሩ ስለሆነ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ ጀርባው ትንሽ የሚተኛ ሆኖ ለእንቅልፍ ከተመቸ በቂ ነው። ይሄን የምታነብ ሌላ እናት ልጇ ከ6 ወር በታች ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጀርባው ሙሉ በሙሉ የማይተኛ ቀላል ጋሪ ለዚያ ዕድሜ አልተሠራም።

አውሮፕላኑን በተመለከተ፣ «ካቢን ይገባል» ተብሎ ስለሚሸጥ ጋሪ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ፋብሪካዎች የሚጠቅሱት 56 በ45 በ25 ሳንቲ ሜትር የሚለውን የዓለም አቀፉ አየር መንገዶች ማኅበር መጠን ነው። ያ መመሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱ ልክ አለው፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ከደረሳችሁ ደግሞ ከራስ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጋሪው ከሻንጣ ጋር አውሮፕላኑ ታች ባለው የዕቃ ክፍል እንደሚገባ አስባችሁ ተዘጋጁ። ትኬት ስትቆርጡ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ መግፋት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ጥላውንና የፊት መያዣውን ፈትታችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። ጋሪውን ንጹሕ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገቡና በገመድ እሰሩት። መልኩ አያምርም፤ ግን ጎማው እንዳይያዝ፣ ጨርቁም እንዳይቀደድ ያደርጋል። ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ጎንደር ከደረሳችሁ በኋላ ፒያሳ አካባቢ አስፋልቱ ላይ በደንብ ትገፉታላችሁ። ኮብልስቶን ላይ ስትደርሱ ወደ ፊት አትታገሉ። እጀታውን ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ የፊት ጎማውን አንሡ፣ በኋላ ጎማው ብቻ ወደ ኋላ ጎትቱት። ይሄን ስታደርጉ የገዛችሁት ትንሹ ጋሪ ከትልቁ ብዙም አያንስም፤ ባለቤትሽም ይስማማ ይሆናል። እጀታው ላይ ከባድ ፌስታል አታንጠልጥሉ። ልጁ ሲነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ልጁ እያለበት ከተገለበጠ ደግሞ ጭንቅላቱ ነው የሚመታው። ዕቃ ካለ ከመቀመጫው ሥር ያለው መያዣ ውስጥ ይግባ።

ለጥምቀት ግን ጋሪውን ቤት ተዉት። ፋሲል መዋኛ አካባቢ ሕዝቡ ሲጠጋጋ ታች ያለ ልጅ ማንም አያየውም፤ መንገድ ቢዘጋም ጋሪ ይዞ መመለስ አይቻልም። እዚያ የሚያዋጣው ጀርባ ነው። አያቱ ደግሞ አንቀልባ ያስተምሩሻል፤ ልጁም ከፍ ብሎ ታቦቱን ያያል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ስትሄዱ ጋሪውን ውጪ ትታችሁ ልጁን አዝላችሁ ግቡ፤ የጣራውን መላእክት ቀና ብሎ ይያቸው።

ፀሐዩን አትናቁት። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥር ላይ ጧት ብርድ፣ ቀን ላይ ጠንካራ ፀሐይ ነው። ረዘም ብሎ የሚዘረጋ ጥላ ያለውን ጋሪ ምረጪ። ልጁ ሲተኛ ነጠላ ወይም ጋቢ አድርገሽ ጋሪውን ዙሪያውን አትሸፍኚው። አየር ይታፈናል፣ ውስጡ በደቂቃዎች ይሞቃል፣ ልጁንም አታይውም።

ጥር ደረቅ ነው፣ አቧራ ይበዛል። ማታ ማታ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ፣ መገጣጠሚያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ግራሶም የሞተር ዘይትም አታድርጉበት፤ አቧራውን ይዞ እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላዋል። ጎማው ከበደ ካላችሁ አክስሉ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ላይ የተጠመጠመ ነገር ፈልጉ። የነጠላ ክርና የሰው ፀጉር ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው፤ በመቀስ ቆርጣችሁ አውጡት።

የላላ ብሎን፣ የተፈታ ጎማ፣ የተቀደደ ጨርቅ ቢያጋጥማችሁ እዚሁ ከተማ ውስጥ ብስክሌት ሠሪና ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያስተካክለዋል። ዋናው አካል ወይም መቆለፊያው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ግን በማጣበቂያም፣ በሽቦም፣ በብየዳም አታስጠግኑት። ቀጭን አሉሚኒየም ሲበየድ ዙሪያው ይለሰልሳል፤ ሌላ ቀን ልጅ እያለበት ይሰበራል። የዚያን ጊዜ ጋሪውን ትታችሁ ልጁን አዝላችሁ ጨርሱ።