የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ጅረት ወዴት ይፈሳል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ማግኔት ወደ ጥቅልል ሽቦ ሲገባ የሚመነጨውን ጅረት አቅጣጫ በቃሌ ይዤ ፈተና ላይ ይምታታብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቃል መያዙን ተወው። ሄንሪክ ሌንዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ያስቀመጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦ የሚመነጨው ጅረት ያመነጨውን ለውጥ ይቃወማል። ስለዚህ መጀመሪያ ለውጡን ፈልግ። ሰሜን ዋልታ ወደ ጥቅልሉ እየቀረበ ነው እንበል። ጥቅልሉ መቅረቡን ስለሚቃወም ወደ ማግኔቱ ያለው ፊቱ ሰሜን ይሆናል፤ ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉና። አሁን የቀኝ እጅህን አውራ ጣት ከጥቅልሉ ወደ ማግኔቱ ቀስር። የታጠፉት አራት ጣቶችህ ጅረቱ የሚዞርበትን ያሳዩሃል፤ ከማግኔቱ በኩል ሆኖ ለሚያይ፣ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጅረቱ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ምንጊዜም የማግኔቱን መስክ ይቃረናል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም! ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚሁ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ጅረቱ የሚቃወመው ለውጡን እንጂ መስኩን አይደለም። ወደ ወረቀቱ ውስጥ የሚገባ 0.5 ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) መስክ አለ እንበል፤ በውስጡ ወረቀቱ ላይ የተኛ የመዳብ ቀለበት አለ። መስኩ ወደ 0.2 ሲወርድ ጅረቱ የጎደለውን ሊተካ ይነሣል፦ የራሱ መስክም ወደ ወረቀቱ ይገባል፣ ጅረቱም ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል። መስኩ ከ0.2 ወደ 0.5 ሲወጣ ግን ሁሉም ይገለበጣል። መስኩ በሁለቱም ጊዜ ወደ ውስጥ ነው፤ የተለየው ለውጡ ብቻ ነው። መስኩ ካልተለወጠና ቀለበቱም ከቆመ፣ 5 ቴስላ ቢሆንም ጅረት የለም።

ጥያቄ፦ የግራ እጅ ሕግስ መቼ ነው?

መልስ፦ ግራ ለሞተር፣ ቀኝ ለጄኔሬተር። ጅረት የተሸከመ ሽቦ በመስክ ውስጥ ወዴት እንደሚገፋ ስትፈልግ ግራ፤ ሽቦ በመስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ጅረቱ ወዴት እንደሚፈስ ስትፈልግ ቀኝ።

ጥያቄ፦ ቀለበቱ ቢቆረጥስ?

መልስ፦ ቮልቴጅ ይኖራል፣ ጅረት ግን አይዞርም። በቤተ ሙከራ ማየት ከቻልክ አያምልጥህ፦ በነጻ በሚዞር ቀጭን ዘንግ ሁለት ጫፍ ሁለት የአሉሚኒየም ቀለበቶች ይደረጋሉ፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ የተቆረጠ። ማግኔት ወደ ሙሉው ስታስገባ ይሸሻል፤ ስታወጣ ይከተልሃል። የተቆረጠው ንቅንቅ አይልም። አሉሚኒየም በማግኔት የማይሳብ ስለሆነ ቀለበቱን የሚያንቀሳቅሰው ጅረቱ መሆኑ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ የጄኔሬተር ጥገና ባለሙያ ነኝ። የኤሌክትሪክ ጭነት ሲጨመር የናፍጣ ሞተሩ የሚከብደው ከዚሁ የተነሣ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከዚሁ ነው። መስኩ ወደ ወረቀቱ ሲገባ፣ በሁለት ሐዲዶች ላይ ወደ ቀኝ የሚገፋ ዘንግ ያስቡ፤ ሐዲዶቹ በግራ ጫፋቸው በሽቦ ተገናኝተዋል። በዘንጉ ውስጥ ጅረቱ ወደ ላይ ይፈሳል፤ መስኩም ይህን ጅረት የተሸከመውን ዘንግ ወደ ግራ ይገፋዋል። አቅጣጫው ቢገለበጥ ኖሮ ዘንጉ አንዴ ተነክቶ በራሱ እየፈጠነ ይሄድ ነበር፤ ኃይልም ከምንም ይፈጠር ነበር። በእርስዎ ጄኔሬተርም ጭነት ሲጨመር ጅረቱ ያድጋል፣ የሚቃወመው ኃይልም አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እንዳይወርድ ተቆጣጣሪው ተጨማሪ ናፍጣ ይለቃል።