ቲቪው «ኖ ሲግናል» ሲላችሁ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከድሬና ከሐረር የመጡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት) የተጫነበትን ኮምፒውተር ከቲቪ ጋር ማገናኘት። ብዙዎቻችሁ ጥፋቱን ሊኑክስ ላይ ጥላችሁ «አጥፍቼው ዊንዶውስ ልጫንበት?» ብላችኋል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ከዚህ በታች እንደምታዩት ችግሩ በአብዛኛው የገመድ፣ የሪሞትና የመብራት ነው።

ከሳቢያን፦ አንድ ወጣት ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ያለበትን ላፕቶፑን ምስልና ድምፅ አብሮ በሚያስተላልፈው በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኝቷል። ቲቪው «ኖ ሲግናል» ከማለት ወይ ፍንክች። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ ቶሎ በልልኝ ይላል።

መጀመሪያ ሪሞቱን አንሳ። «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጫንና ገመዱ የተሰካበትን ቁጥር ምረጥ። ገመዱ ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ተሰክቶ ቲቪው 1 ላይ ከሆነ እስከ ቅዳሜ ብትጠብቅም ምስል አይመጣም። ቀጥሎ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘህ «ፒ» (P) የሚለውን ፊደል ንካ። ምስሉ በሁለቱም ላይ ወይም በቲቪው ብቻ እንዲታይ መምረጥ ትችላለህ።

ይህም ካልሠራ ላፕቶፕህ የኤንቪዲያ የምስል ካርድ እንዳለው እይ። በአንዳንድ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ መውጫው የተያያዘው ከዚሁ ካርድ ጋር ነው። ካርዱ የሚስማማው ድራይቨር፣ ማለትም የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ካልተጫነለት ኮምፒውተሩ ቲቪ መሰካቱንም ላያውቅ ይችላል። ይህኛው በእርግጥ የሊኑክስ ጣጣ ነው፤ መፍትሔው ግን ቅርብ ነው። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈት፣ «ሪኮሜንድድ» የተባለውን ጫን፣ ሪስታርት አድርግ። ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ዛሬውኑ ሞክረው። ጨዋታው ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው የሚነካ ነገር አይደለም።

ከከዚራ፦ ምስሉ ቲቪው ላይ አለ፣ ድምፁ ግን የሚወጣው ከላፕቶፑ ነው የምትል እህት አለች።

ሴቲንግ ውስጥ «ሳውንድ» ግቢ፣ «አውትፑት» ላይ ኤችዲኤምአይን ምረጪ። አለቀ።

ከድሬዳዋ፣ ሰፈሩን ያልነገረን፦ ሊኑክስ ቲቪ ያበላሻል ወይ?

አያበላሽም።

ከሐረር፣ አራተኛ፦ ሰውየው ቲቪያቸው የምስሉን ዳር ዳር ይቆርጥባቸዋል። ላይ ያለው ሰዓት የለም፣ የመዝጊያዋ ምልክትም አትታይም። የስክሪኑን መጠን ደጋግመው ቢቀያይሩም ለውጥ የለም።

ኮምፒውተሩን ይተዉት፣ ቆራጩ ቲቪው ነው። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቲቪዎች የምስሉን ጠርዝ አስተካክለው ማሳየት ስለማይችሉ ጥቂቱን ሆን ብለው ከፍሬሙ ውጭ ያስቀሩት ነበር። ጠፍጣፋዎቹም ይህን ልማድ ወርሰዋል። ለኳስና ለድራማ አይታወቅም፣ ለኮምፒውተር ግን መከራ ነው። በሪሞቱ የቲቪውን ሜኑ ይክፈቱና የምስል መጠን የሚለውን ይፈልጉ። ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ይባላል። በሌሎች «1 ለ 1» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንዳንዱ ቲቪ ደግሞ መግቢያውን «ፒሲ» ብለው ሲሰይሙት ራሱ ያስተካክላል።

ከገንደ ቆሬ፦ አያቱ ቤት ባለ ቱቦ ቲቪ አለ፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ያለው። ታይዋን ገበያ ሄዶ በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ሦስቱ ቀለሞች ያሉት ገመድ ገዝቶ መጣ። ምንም የለም። «ሊኑክሱ ነው?» ይላል።

አይደለም ወንድሜ። ከኤችዲኤምአይ የሚወጣው ዲጂታል ነው፣ ቢጫው መሰኪያ የሚቀበለው አናሎግ ነው። ባዶ ገመድ አንዱን ወደ ሌላው አይቀይርም። ዊንዶውስ ብትጭንም ያው ነው። የሚያስፈልግህ በመሃል ትንሽ ሣጥን ያለው፣ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኝ ኮንቨርተር (መቀየሪያ) ነው። ሣጥኑ ላይ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ (ወደ ሦስቱ ቀለሞች) የሚል መሆኑን አረጋግጥ፣ የተገላቢጦሹም ይሸጣል። ፓልና ኤንቲኤስሲ የተባሉትን ሁለት የቲቪ ምስል ሥርዓቶች የሚቀያይር ማብሪያ ካለው ፓል ላይ አድርገው። ፊልም በደንብ ታያላችሁ። ጽሑፍ ለማንበብ ግን አትሞክሩ፣ የአያትህን ዓይን ታደክማለህ።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ አንድ መምህር ረጅም ደብዳቤ ልከዋል። ትምህርት ቤታቸው 43 ኢንች ቲቪ አግኝቷል። ኮምፒውተሩ ግን አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል፣ መውጫው ቪጂኤ (የድሮው የምስል መሰኪያ) ብቻ ነው። ቲቪው ደግሞ ቪጂኤ የለውም። ባለሙያ ጠይቀው «አዲስ ኮምፒውተር ግዙ» ተባሉ። ገንዘቡ ስለሌለ ቲቪው እስከነካርቶኑ ቢሮ ተቀምጧል።

መምህር፣ እባክዎ ያንን ቲቪ ከካርቶኑ ያውጡት። አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኮንቨርተር ነው፤ ዋጋውም ከኮምፒውተር ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። ገበያው ላይ በብዛት ያለው ተቃራኒው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ሻጩም ላይለያቸው ይችላል። መለያው ቀላል ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ቪጂኤ መውጫ 15 ቀዳዳ ስላለው የኮንቨርተሩ የቪጂኤ ጫፍ መርፌዎች ያሉት መሆን አለበት። ቀዳዳ ካለው ይመልሱት። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫ ወደ ኮንቨርተሩ የሚሄድ ቀጭን ገመድ እንዳለውም ይዩ። ትንሿ የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ለኃይል ናት፣ ሳትሰካ አትቅር።

ምስሉ ከመጣ በኋላ የስክሪኑን መጠን 1280 በ720 ያድርጉት። ፊደሉ ይተልቃል፣ አሮጌው ማሽንም አይጨነቅም። ጽሑፉን ከ36 ነጥብ በታች አይጻፉ። ከዚያ ሄደው መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጡ። እርስዎ ከዚያ ሆነው ማንበብ ካልቻሉ ልጁም አይችልም፤ ልጁ ግን አይታየኝም ብሎ እጁን አያወጣም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ ወንበሮቹን አቅርቡ ወይም በየተራ አስገቧቸው። ስክሪኑ በየደቂቃው እንዳይጠፋ ሴቲንግ ውስጥ «ፓወር» ገብተው «ብላንክ ስክሪን» የሚለውን «ኔቨር» ያድርጉት። የአማርኛ ፊደል አራት ማዕዘን ሆኖ ከመጣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ይጫኑ።

ኢንተርኔት የለንም ብለው አይተዉት። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርደው በፍላሽ ያመጡታል። ለሒሳብ ጂኦጀብራ አለ፣ ለትንንሾቹ ጂኮምፕሪ አለ። ሰማይን የሚያሳየውን ስቴላሪየምን ደግሞ እንዲያስቀሩብኝ አልፈልግም። ቦታውን 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ብለው ይሙሉለት። ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ክፍላቸው ተቀምጠው የሐረርን የማታ ሰማይ ያያሉ፣ ጁፒተርን አቅርበው ጨረቃዎቹን ይቆጥራሉ። ሁሉም ነፃ ናቸው፣ ሁሉም ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ የቆመው በአንዲት ኮንቨርተር ምክንያት መሆኑ ያናድደኛል። ወላጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሂዱና ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ነገር እንዳለ ጠይቁ።

ከመጋላ፦ ገመዱን ሲሰካ የላፕቶፑ ብረት ይነዝረዋል። አንድ ቀን ብልጭ ብሎ የቲቪው መሰኪያ ከዚያ ወዲህ አልሠራ አለ። ሌላኛው መሰኪያ ላይ ልሞክር ወይ ይላል።

አትሞክር። ይህ የሊኑክስ ጥያቄ አይደለም፣ የመብራት ጥያቄ ነው። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋል፣ ስስ ንዝረቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ኧርዝ (ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) ከሌለው ግን ዴስክቶፕም ሆነ ቲቪ ብረታቸው ላይ ኃይል ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ገመዱ ሲነካ በመሰኪያው በኩል ይፈሳል፣ ያቃጥላልም። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት የዲሽ ገመድ ካለም የእነሱን ቤት ችግር ወደ አንተ ሊያመጣ ይችላል።

እስከዚያው ሁለቱንም ከሶኬት ሳትነቅል ኤችዲኤምአይ አትሰካ፣ አትንቀልም። ኤሌክትሪሺያን ጥራና ኧርዙን በመሣሪያ ይለካልህ፤ የዲሹንም ገመድ እሱ ይፈትሸው። ሽቦ ራስህ አትቀጥል፣ ከውኃ ቧንቧ ጋርም አታስር። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ነገ አትበል፣ ዛሬ ጥራ።

ከለገሃር፦ ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል፣ ቲቪው ሌላ ክፍል ነው፤ 20 ሜትር ገመድ ልግዛ ወይ?

ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ምስሉ ሊቆራረጥ ይችላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ ማራዘሚያ ጠይቂ፣ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል። ቲቪሽ ክሮምካስት (ምስል ያለ ገመድ የሚላክበት ዘዴ) ከተቀበለና ኮምፒውተሩም ቲቪውም አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ደግሞ ቪኤልሲ የተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ፊልሙን ያለ ገመድ ሊልክልሽ ይችላል፤ «ፕሌይባክ» ውስጥ «ሬንደረር» የሚለውን እዪ። መጀመሪያ ይህንን ሞክሪ፣ ገንዘብ አያስወጣሽም።